በጥር ሸጦ በሐምሌ መግዛት

በላይ ጋይንት ደጋ የሚኖር ገበሬ ገብሱን ወቅቶ ጎተራ ካስገባ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ከፊሉን መልሶ ወደ ገበያ ያወጣዋል። ታኅሣሥና ጥር የማዳበሪያ ዕዳ የሚጠየቅበት፣ የመሬት ግብር የሚከፈልበትና ሠርግ የሚደገስበት ወቅት ስለሆነ፣ ጎረቤቱም በዚያው ሳምንት እህሉን በአህያ ጭኖ ነፋስ መውጫ ገበያ ይገኛል፤ ዋጋውም ይወድቃል። ክረምት ገብቶ ጎተራው ሲራቆት ደግሞ ያው ገበሬ ያንኑ ገብስ፣ አንዳንዴም ከዚያው ከገዛው ነጋዴ እጅ፣ በጨመረ ዋጋ መልሶ ይገዛል። ይህ ኪሳራ መሆኑን ለማስረዳት ከከተማ ባለሙያ መላክ አያስፈልግም፤ ገበሬው ከማንም በላይ ያውቀዋል። በጥር የሚሸጠው ዋጋው ተስማምቶት አይደለም፤ በዚያች ቀን የሚያስፈልገው ጥሬ ገንዘብ ከሌላ ቦታ ስለማይገኝ ነው።

ጋይንት የእናቴ አገር ነው፤ አክስቴም እስከ ዛሬ እዚያው ትኖራለች። ስለ መንደር የቁጠባና ብድር ማኅበራት የማስበው ሁሉ ከእሷ ማኅበር ይጀምራል። የመሥሪያ ቤት ሪፖርቶች ስለነዚህ ማኅበራት ሲጽፉ «ከድህነት መላቀቅ»፣ «ሥራ ፈጣሪነት»፣ «የአስተሳሰብ ለውጥ» የሚሉ ትልልቅ ነገሮችን ይደረድራሉ። እኔ ግን ዋናው ጥቅማቸው ከዚህ ያነሰ፣ ነገር ግን ከዚህ የበለጠ የሚጨበጥ ይመስለኛል፦ አንድ ቤተሰብ ያለ ጊዜው ከመሸጥ እንዲተርፍ የጥቂት ሳምንታት ፋታ ይሰጡታል። ለገጠር ኑሮ ደግሞ የጥቂት ሳምንታት ፋታ ቀላል ነገር አይደለም።

ያ ፋታ ቀድሞ የሚገኘው በውድ ዋጋ ነበር። አንደኛው መንገድ አራጣ ሲሆን፣ በወር በመቶ አሥር ብር መጠየቅ እንግዳ ነገር አልነበረም። ሁለተኛው ወለድ አገድ ነው። ባለመሬቱ የተወሰነ ብር ይወስዳል፤ አበዳሪው ደግሞ ብሩ እስኪመለስለት ድረስ መሬቱን እያረሰ ምርቱን በወለድ ፈንታ ይበላል። ለአንድ የታመመ ልጅ ማሳከሚያ ተብሎ የተያዘ ጥማድ መሬት ሦስትና አራት መኸር በሰው እጅ ሊቆይ ይችላል፤ ባለቤቱ መሬቱ በሌለበት ዕዳውን የሚከፍልበት ምርት ከየት ያመጣል? ሦስተኛው መንገድ በሬ ወይም ጊደር መሸጥ ነው፤ እሱም የሚቀጥለውን ዓመት እርሻ ይዞ ይሄዳል። ዘመድ የሚባለውም ቢሆን ችግሩ የሚደርስበት በተመሳሳይ ወር ስለሆነ፣ ሐምሌ ላይ የሚያበድር ዘመድ ያለው ሰው የታደለ ነው።

«ዕቁብና ዕድር ባለበት አገር ሌላ ማኅበር ለምን አስፈለገ?» የሚል ጥያቄ ከከተማ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይቀርባል። ዕቁብ ግን እኩል ገንዘብ በእኩል ቀን መክፈልን ይጠይቃል፤ ይህ ለነጋዴና ለደመወዝተኛ የተሰፋ ልብስ ነው። ገቢው በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚመጣ ገበሬ የሰኔን መዋጮ ከየት ያመጣዋል? ከዚያም በላይ የዕቁብ ብር የሚደርሰው በዕጣ ወይም በተራ ነው እንጂ በሬው በታመመበት ሳምንት አይደለም፤ ዳኛውን ተለማምጦ ተራ መለዋወጥ ቢቻልም በሰው ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ዕድር ደግሞ ሥራው ሐዘን ነው፤ ለቀብር ይደርሳል፣ ለማዳበሪያ አይደርስም። ሁለቱም የሚያኮሩ ተቋማት ናቸው፤ ነገር ግን ሲመሠረቱ ያልታሰበላቸውን ሸክም መጫን አይገባም።

ባንክስ? መሬት በ1987ቱ ሕገ መንግሥት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ የማይሸጥ ነው፤ ስለዚህም ገበሬው በዋስትና የሚያስይዘው ትልቁ ሀብቱ በባንክ ቤት ዓይን ሀብት ሳይሆን ኖሯል። በአዋጅ ቁጥር 40/1988 መሠረት የተቋቋሙት ማይክሮ ፋይናንሶች ይህን ክፍተት በቡድን ዋስትና ሊሞሉ ሞክረዋል፤ በአማራ ክልል አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም)፣ ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው ማለት ነው፣ ብዙ ገበሬ ዘንድ ደርሷል። የቡድን ዋስትና ግን ጎረቤትን የጎረቤት ዕዳ ከፋይ አድርጎ የሚያስር ነው። አንዱ ሲያቅተው ሌሎቹ ከኪሳቸው ይከፍላሉ፤ ከዚያ በኋላ በአንድ ማኅበር ጠላ መጠጣት ይከብዳል። የብድሩ መጠንና መመለሻ ጊዜም የሚወሰነው ቢሮ ውስጥ ነው፤ የመመለሻው ቀን ጥር ላይ ሲወድቅ ገበሬው ያንኑ ገብስ በወደቀ ዋጋ ሸጦ ይከፍላል። ብድሩ ከመጀመሪያው ችግር አዙሮ ወደዚያው ችግር አደረሰው ማለት ነው።

አክስቴ የገባችበት ዓይነት ማኅበር ከውጭ የመጣ ነው፤ አመጣጡን መደበቅ አያስፈልግም። ኬር የተባለው የእርዳታ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1991 በኒጀር ማራዲ አካባቢ ከገጠር ሴቶች ጋር የጀመረው አሠራር ነው፤ መነሻውም እንደኛው ዕቁብ ያለ የሴቶቹ የራሳቸው የቁጠባ ልማድ ነበር። ወደ እኛ አገር በስፋት የገባው በተለይ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሴፍቲኔት በሚሠራባቸው ወረዳዎች፣ በምግብ ራሳቸውን ያልቻሉ ቤተሰቦችን ከእርዳታ ለማስመረቅ በተነደፉ ፕሮጀክቶች በኩል ነው፤ በብዙ ቦታ ቬሳ በሚለው አጭር የእንግሊዝኛ ስሙ (የመንደር የኢኮኖሚና ማኅበራዊ ማኅበር ማለት ነው) ይታወቃል። ከእሱ ቀደም ብሎ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን በናዝሬት የጀመረችው የራስ አገዝ ቡድን የሚባል ሌላ ዘመድ አለው። የእነዚያ ቡድኖች ገንዘብ በየዓመቱ አይከፋፈልም፤ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ቬሳ ግን ዓመት ሲሞላ ሳጥኑን አራግፎ ይካፈልና እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ይህ ልዩነት ትንሽ ቢመስልም ብዙ ነገር ይወስናል፤ እመለስበታለሁ።

የአክስቴ ማኅበር የሚሰበሰበው በወር ሁለት ጊዜ፣ ወሩ በገባ በ12 እና በ27፣ ማለትም ሚካኤልንና መድኃኔ ዓለምን ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በእነዚያ ቀኖች ሞፈር አይጫንም፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ከሥራ ነፃ ነው። ፕሮጀክቱ ያመጣው መመሪያ «በየሳምንቱ ተሰብሰቡ» ይል ነበር፤ እነሱ ግን ከታቦቱ ጋር አስተካከሉት። ሁሉም በቁጥር ተራ ይቀመጣል፤ ዘግይቶ የመጣ ይቀጣል፣ ስልኩ የጮኸበትም ይቀጣል። ሳጥኑ ቆርቆሮ ነው፣ ሦስት ቁልፍ አለው። ሦስቱን መክፈቻ የሚይዙት ሦስት ሰዎች እርስ በርስ ዘመድ እንዳይሆኑ፣ አንዳቸውም ሳጥኑ በሚያድርበት ቤት እንዳይኖሩ ተስማምተዋል። ሦስቱ ካልተገኙ ሳጥኑ አይከፈትም፤ አንዷ ታማ በቀረችበት ጊዜ ልጇ ቁልፉን ይዞ ቢመጣም ሰብሳቢዋ አልተቀበለችም።

ከሁሉ በላይ ትኩረቴን የሳበው ቆጠራው ነበር። ጠሐፊው ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ወጣት ነው፤ ከአባላቱ አብዛኞቹ ማንበብ አይችሉም። ስለዚህ ማኅበሩ የቆመው በጽሑፍ ሳይሆን በጆሮና በዓይን ላይ ነው። ቁጥር አንድ ትነሣለች፣ ብሯን ሳህኑ ላይ ታደርጋለች፣ ሁለት ቆጣሪዎች ጮክ ብለው ይቆጥራሉ፣ በደብተሯ ላይ በገዛችው ድርሻ (ቁጠባው የሚቆጠርበት እኩል መጠን ያለው ብር ነው) ልክ ማኅተም ይመታል። ያልገዛችበት የደብተሩ ክፍት ቦታ ይሰረዛል፤ ቁጥር የማታነብ ሴት ማኅተሟን በጣቷ እየነካች ስንት ድርሻ እንዳላት ታውቃለች። ስብሰባው ሲያበቃ ሰብሳቢዋ በሳጥኑ የቀረውን ድምር ሦስት ጊዜ ትናገራለች። በሚቀጥለው ስብሰባ ሳጥኑ ከመከፈቱ በፊት ከአባላቱ አንዱን ድንገት «ስንት ነው ያደረው?» ብላ ትጠይቃለች። ሃያ ሰው በቃሉ የያዘውን ቁጥር አንድ ጠሐፊ ሊለውጠው አይችልም። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በገጠርም እየተስፋፋ ስለሆነ «ሳጥኑን ትታችሁ በስልክ ቆጥቡ» የሚሉ ሰዎች መጥተው ነበር። ሐሳቡ ከሌባ ያድናል፤ ነገር ግን ሃያው ሰው በዓይኑ የሚያየውን ብር ወደ አንድ ሰው ስልክ ያስገባዋል፤ እኔ ብሆን አልቸኩልም።

ብድር የሚጠየቀውም በጉባኤ ነው። አንዲት ጎልማሳ ሴት ተነሥታ ለፋሲካ የሚሸጥ በግ ገዝታ ለማድለብ ብድር ጠየቀች። ወሩ የካቲት ነበር።

«ከምን ትመልሺያለሽ?» አለቻት ሰብሳቢዋ።

«ከበጉ ነው እንጂ ከምን እመልሳለሁ? ፋሲካ ሲደርስ ሸጬ።»

ከጥግ አንዲት ባልቴት ጣልቃ ገቡ። «አምናም በግ ብለሽ ነው የወሰድሽው። ገንዘቡ የዋለው ለአማትሽ ተስካር ነው። ዋሸሁ?»

«እትዬ፣ እርስዎም እኮ ከተስካሩ በልተዋል።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሴትዮዋ የአምናውን ብድር በጊዜው መመለሷን አንዱ አስታወሰ። ከጠየቀችው ላይ ጥቂት ተቀንሶ፣ በሦስት ወር እንድትመልስ ተወስኖ ተሰጣት። ለተስካር ያዋለችው ብድር በባለሙያ ዓይን «ምርታማ ያልሆነ» ነው፤ ይሁን እንጂ ያንን ብር ከማኅበሩ ባታገኝ ኖሮ ከአራጣ ታገኘው ወይም ጊደሯን ትሸጠው ነበር። ለበግ ተብሎ ለተስካር የዋለ ብድር ጊደር አዳነ። ይህን የሚያስተናግድ ዓምድ በሪፖርት ቅጽ ላይ አይቼ አላውቅም።

ስለ ወለዱ ጥቂት ሒሳብ ላንሣ፤ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ የሚነገረው ብዙውን ጊዜ የተድበሰበሰ ነው። ለምሳሌ ያህል ሃያ አባላት አንዱን ድርሻ በ20 ብር፣ በአማካይ በየስብሰባው ሦስት ሦስት ድርሻ ይግዙ እንበል። በዓመት 24 ስብሰባ ቢኖር 1,440 ድርሻ፣ ማለትም 28,800 ብር ይሰበሰባል። የብድሩ ወለድ በወር 5 በመቶ ቢሆን፣ ከተጠራቀመው ገንዘብ ሁለት ሦስተኛው ያህል ሁልጊዜ በተበዳሪ እጅ ቢቆይ፣ በዓመቱ መጨረሻ 5,760 ብር ያህል ወለድ ይገባል፤ ድርሻው 20 ብር የነበረው 24 ብር ሆኖ ይከፈላል። በባንክ የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው መጠን በዓመት 7 በመቶ ሆኖ በቆየበት፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ በነበረበት አገር፣ በአማካይ ግማሽ ዓመት ብቻ ሳጥን ውስጥ ለቆየ ብር 20 በመቶ ማግኘት የሚናቅ አይደለም።

ነገር ግን ያ ትርፍ ከሰማይ አልወረደም። የከፈሉት ተበዳሪዎቹ ናቸው፤ በወር 5 በመቶ ማለት በዓመት 60 በመቶ ነው። ደጋግሞ የሚበደር ሰው ብዙውን ጊዜ ጎተራው ቶሎ የሚራቆትበት ነው፤ ብዙ ድርሻ እየገዛ ብዙም የማይበደረው ደግሞ ሻል ያለው ነው። ዓመቱ ሲዘጋ ከደኻው ወደ ሻል ወዳለው የሚፈስ ቀጭን ጅረት አለ ማለት ነው። ይህ ምሥጢር አይደለም፤ የአክስቴ ማኅበር አባላት ያውቁታል፣ በዚህ ምክንያትም አንድ ሰው በአንድ ስብሰባ ከአምስት ድርሻ በላይ እንዳይገዛ የሚለውን ደንብ አጥብቀው ይጠብቃሉ። ቢሆንም ጅረቱን ያቀጥነዋል እንጂ አያደርቀውም። መድኃኒቱ ወለዱን ማጥፋት ነው ብዬ አልከራከርም፤ ያለ ወለድ ቆጣቢው ገንዘቡ በዋጋ ንረት ሲበላ እያየ ለምን ያስቀምጣል? በወሎ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ሳጥን በሚቆጥብባቸው መንደሮች ግን ጥያቄው የሃይማኖት ስለሆነ እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም፤ ወለድ ሐራም ለሆነበት አባል ወይ ያለ ወለድ መቆጠብና መበዳደር፣ ወይ ከማኅበሩ መውጣት ነው ያለው። ከሁለቱ አንዱን የመረጡትን ሰዎች የሚነቅፍ ሰው ጉዳዩን አልተረዳውም።

ጥቅሙን አጋነንህ እንዳልባል፣ ጥናት ምን እንደሚል ልጥቀስ። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ዲን ካርላንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተሙት፣ በጋና፣ በማላዊና በኡጋንዳ የኬርን ማኅበራት የመዘነ ሰፊ ጥናት አለ። ማኅበራቱ የተስፋፉባቸው መንደሮች በዕጣ ተመርጠው ካልተስፋፉባቸው ጋር የተነጻጸሩ ስለሆነ ውጤቱ ክብደት አለው። ቁጠባና ብድር ጨምሯል፣ ትንንሽ ንግዶች ተሻሽለዋል፣ ሴቶች በቤታቸው ውሳኔ ላይ ያላቸው ድምፅ ከፍ ብሏል፤ የቤተሰቡ አማካይ ፍጆታ ግን ስለመጨመሩ ማስረጃ አልተገኘም። ለእርዳታ ድርጅት ብሮሹር ይህ ቀዝቃዛ ውጤት ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ስጠብቀው ከነበረው ጋር የሚገጥም ነው። ሳጥኑ መሬት አያሰፋም፣ ዝናብ አያመጣም፣ መንገድ አይሠራም። አንድ ጥማድ መሬት ላይ ሰባት ነፍስ የሚኖርበት ቤተሰብ በ24 ብር ድርሻ ሀብታም አይሆንም፤ ይህን የሚጠብቅ ሰው መንግሥት ሊሠራው የሚገባውን ሥራ ለቆርቆሮ ሳጥን እያስረከበ ነው።

የሴቶቹ ጉዳይ ግን በዝርዝር ሊነገር ይገባል። አክስቴ ባሏ በሕይወት ሳለ ዶሮና ዕንቁላል ሸጣ የምታገኘውን ብር በጨርቅ ቋጥራ እህል ውስጥ ትደብቅ ነበር፤ ለቤቱ እንግዳ በመጣ ቁጥር ቋጠሮው ይፈታል። ሳጥኑ ውስጥ የገባ ብር ግን በቤት ውስጥ ልመና አይወጣም። «ማኅበር ላይ ነው ያለው፣ ዛሬ አይከፈትም» የሚል መልስ ባልንም፣ ወንድምንም፣ አማችንም ያለ ጠብ ይመልሳል። ይህን ጥቅም በወለድ ሒሳብ ማስላት አይቻልም፤ ብዙ ሴቶች ግን ከትርፉ ይልቅ የሚያነሡት ይህንን ነው። በሌላ በኩል ከማኅበሩ ውጭ የቀሩም አሉ። በሰው ቤት የምታድር፣ ቋሚ ድርሻ መግዛት የማትችል፣ ወይም በቤተሰብ ጠብ ምክንያት ማንም አብሯት መቀመጥ የማይፈልግ ሴት ደብተር የላትም። ማኅበር የሚመሠረተው በመተማመን ነው ሲባል፣ የማይታመን ተብሎ የተፈረጀ ሰው ውጭ ይቀራል ማለትም ጭምር ነው።

እነዚህን ማኅበራት የሚያጠፋቸው ብዙውን ጊዜ ከድህነት ይልቅ ከውጭ የሚገባ ብር ነው። በአቅራቢያው ባለ አንድ ቀበሌ አንድ ፕሮጀክት ለጥሩ ቆጣቢዎች ማበረታቻ ብሎ መነሻ ገንዘብ ሳጥኑ ውስጥ አስገባ። አባላቱ ያንን ብር እንደራሳቸው አላዩትም፤ ተበድረው ለመመለስ ለገሙ፣ «የመንግሥት ብር ነው፣ እዚያው ይቅር» የሚል ወሬ ተነሣ፣ በዓመቱ ሳጥኑ ተዘጋ። ጎረቤት ዶሮ ሸጣ የቆጠበችውን ብር አለመመለስ ነውር ነው፤ የድርጅት ብር አለመመለስ ግን ከነውር አይቆጠርም። ይህን የነውር ልዩነት ያልተረዳ ባለሙያ፣ በቅን ልብ እንኳ ቢሆን፣ ሳጥኑን ይገድለዋል። የቀበሌ ሹማምንት ማኅበሩን ለማዳበሪያ ስርጭት፣ ለመዋጮ፣ ለስብሰባ መጥሪያ ለመጠቀም ሲሞክሩም ውጤቱ አንድ ነው፤ ሰው ይቀራል።

በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ድንገት ሲያቆም፣ ከዚያም ዩኤስአይዲ ሲዘጋ፣ ብዙ የገጠር ፕሮጀክቶች በአጭር ጊዜ ውስጥ ሠራተኞቻቸውን በተኑ፤ መኪኖቹ ቆሙ፣ ቢሮዎቹ ተቆለፉ። የብድሩ ገንዘብ በባንክ ወይም በድርጅት ሒሳብ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ማኅበራቱም አብረው ይበተኑ ነበር። የአባላቱ ገንዘብ ግን ሦስት ቁልፍ ባለው ሳጥን ውስጥ ነው። ይህን ስል ሁሉም ተረፈ ማለቴ አይደለም፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ምክንያት ብር በአንድ ቤት ማሳደር ራሱ አስጊ ሆኗል። የአክስቴ ማኅበር ለዚህ ያገኘው ዘዴ በየስብሰባው የገባውን ሁሉ በዚያው ቀን አበድሮ ሳጥኑን ባዶ ማሳደር ነው። ተበዳሪ ባይኖር እንኳ ትርፍራፊው በአባላት እጅ ይበተናል፤ ማን ስንት እንደያዘ ሁሉም በቃሉ ያውቃል።

ወረዳው በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት ሕጋዊ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲሆኑ ሲጠይቃቸው ቆይቷል። ጥቅሙ አያጠያይቅም፦ ሕጋዊ ሰውነት ይኖራቸዋል፣ ሒሳባቸው በኦዲተር ይታያል፣ ገንዘባቸው በየዓመቱ ስለማይበተን ከሦስት ወር በላይ የሚቆይ ብድር፣ ለምሳሌ ለበሬ ወይም ለውኃ ፓምፕ መግዣ፣ መስጠት ይችላሉ። ሰውን ከጥር ሽያጭ ከማዳን አልፎ ምርቱን ለማሳደግ የሚበቃ ገንዘብ የሚጠራቀመው እንዲህ ነው፤ በዚህ የወረዳው ባለሙያዎች ትክክል ናቸው። ማኅበሩ ጉዳዩን ከአንድም ሁለት ጊዜ ተወያይቶበት አልተቀበለውም። ያሳሰባቸው ኦዲተሩ ሳይሆን አለመካፈሉ ነው። አክስቴ ስትናገር፣ «በዓመት አንድ ቀን ብሬን በእጄ ካልያዝሁት፣ ያለ መሆኑን በምን አውቃለሁ?» ነው ያለችው። ሳጥኑ ዓመት በዓመት መራገፉ ለትልቅ ብድር እንቅፋት ነው፤ ማንበብ ለማይችል አባል ግን ከዚህ የተሻለ ኦዲት የለም። ጠሐፊ ቢያጭበረብር፣ ሰብሳቢ ብታዳላ፣ በዚያች ቀን ይገለጣል፤ ጉዳቱም ከአንድ ዓመት አያልፍም።

የቀየሩት ነገር የመካፈያውን ወር ነው። ድሮ ከፋሲካ በፊት ይካፈሉ ነበር፤ ብሩ ለዶሮና ለቅቤ ይውል ነበር። ሁለት ስብሰባ ሙሉ ከተከራከሩ በኋላ ወደ ሰኔ መጀመሪያ አዛወሩት። ወጣቶቹ ጥር እንዲሆን ፈልገው ነበር፣ ያኔ ዕዳ የሚጠየቅበት ነውና። ሰብሳቢዋ ግን በጥር ለዕዳ ብድር ይበቃል፣ መካፈል የሚያስፈልገው ማዳበሪያ በሚገዛበትና ጎተራው በሚራቆትበት ዋዜማ ነው አለች። በክርክሩ ያሸነፈችው በሒሳብ ነው፤ ከአባላቱ ጥር ላይ ገብስ ሳይሸጥ በብድር ዕዳውን የከፈለ ማን እንደሆነ አንድ በአንድ ስም እየጠራች ጠየቀች፣ እጃቸውን ያወጡት ከግማሽ በላይ ሆኑ።